በምጥ ሰዓት ከእናት ጎን የምትቀመጠው ሴት
ስለ ወላድ አጋዥ አገልግሎት ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ማብራሪያ

በአገራችን የምትወልድ ሴት ብቻዋን ሆና አታውቅም ነበር። ምጥ መጀመሩ እንደ ተሰማ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዷ ከኋላ ሆና ወገቧን ትደግፋለች፤ ሌላዋ ላቧን ትጠርጋለች፤ እሳት የምታነድ፣ ውኃ የምታሞቅ፣ ለገንፎው የተዘጋጀውን ዱቄት የምታወርድ አለች፤ ሁሉም በአንድ አፍ እመቤታችንን ይማጸናሉ። ወንዶቹ ከደጅ ሆነው እልልታውን ይጠባበቃሉ። ይህ ሥርዓት የሚፈስ ደም የሚያቆም መድኃኒት አልነበረውም፤ ሕፃኑ አልወጣ ሲል የሚደረግ ቀዶ ሕክምናም አልነበረውም፤ ስለዚህም ብዙ እናቶችን ቀብረናል። ነገር ግን የምታምጥ ሴት የምታውቀውን ፊት ሳታይ፣ የምታውቀውን እጅ ሳትይዝ አታድርም ነበር።

ዛሬ በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች፣ በዙሪያቸውም ባሉ ወረዳዎች፣ ወሊድ ከቤት ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል እየተዛወረ ነው። ይህም እጅግ የሚያስደስት ነው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደ ተመዘገበው፣ በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2011 ከ100 ወሊዶች 10 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደርሰዋል። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቁጥርም በ2000 በወጣው ጥናት ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 ሆኖ ሲገመት፣ በ2016 ጥናት ወደ 412 ወርዷል። ከዚህ ለውጥ በስተጀርባ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየጤና ጣቢያው የተመደቡት አዋላጆች፣ እናትን ይዞ የሚሮጠው አምቡላንስም አሉ።

ሆኖም ወሊዱ ወደ ጤና ተቋም ሲዛወር አብራው ያልተዛወረች ሴት አለች። ያቺ ወገብ የምትደግፈው፣ ላብ የምትጠርገው ሴት ከማዋለጃው ክፍል በር ላይ ቀርታለች።

ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው መካከል አንዷ ታናሽ እኅቷ ስትወልድ አጥሚት የያዘ ፔርሙስ ታቅፋ ሌሊቱን ከበር ውጭ አሳልፋለች። ከውስጥ ስሟ ሲጠራ ትሰማለች፤ መግባት ግን አልተፈቀደላትም። ልጁ በሰላም ተወለደ፤ እናቲቱም በጤና ወጣች። በዚያች ሌሊት ተረኛ የነበረችው አዋላጅ ብቻዋን ለብዙ ወላዶች ትሮጥ ስለ ነበር ልንወቅሳት አይገባንም። ነገር ግን እኅቲቱ ሁለተኛውን ልጇን ስታረግዝ መጀመሪያ የተናገረችው ቃል «እዚያ ብቻዬን ዳግመኛ አልገባም» የሚል ነበር። ከቤቷ እስከ ጤና ጣቢያው በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ቤት ልትወልድ ያሰበችው መንገድ ርቋት አልነበረም። እንዲህ የምትል እናት በየአጥቢያችን እንዳለች የንስሐ አባቶች ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

ስሙና ግብሩ

በውጭው ዓለም እንዲህ ያለችውን አጋዥ «ዱላ» ይሏታል። ቃሉ በእኛ ቋንቋ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር በመሆኑ ፈገግ ያሰኛል፤ ለምታምጥ ሴት ዱላ ይዘን መጣን አይባልምና። ምንጩ ግን ግሪክ ሲሆን ትርጉሙም አገልጋይ ሴት ማለት ነው። ካህናት አባቶቻችን ልብ እንዲሉልን የምንወደው፣ እመቤታችን ለቅዱስ ገብርኤል ስትመልስ ራሷን የጠራችበት ቃል በግሪኩ የሉቃስ ወንጌል ከዚሁ ቃል የመጣ መሆኑን ነው፤ ግእዙ «አመት» ብሎ ተርጉሞታል። በዚያው ምዕራፍ እመቤታችን በስድስተኛ ወሯ ወደ ነበረችው ወደ ዘመዷ ወደ ኤልሳቤጥ ፈጥና ሄዳ ሦስት ወር ያህል ከእርሷ ጋር መቀመጧ ተጽፏል። ስድስትና ሦስት ሲደመር ስንት እንደሚሞላ ማንም ያሰላዋል። ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ የሆነው ስሙ እንጂ ሥራው አይደለም። በዚህ ጽሑፍ እኛ «የወላድ አጋዥ» እንላታለን።

የወላድ አጋዥ አዋላጅ አይደለችም። ይህ በግልጽ ካልተነገረ ከጤና ባለሙያዎች ጋር ያጋጫል፤ እናትንም ለአደጋ ይጥላል። አጋዧ ማህፀን አትመረምርም፤ ሆድ አታሽም፤ መርፌ አትወጋም፤ ምጥ ለማፋጠን ብላ ምንም ነገር አታጠጣም፤ ሕፃን አትቀበልም፤ እትብት አትቆርጥም። በአካባቢያችን ከኖሩት የልምድ አዋላጆች የምትለየውም በዚህ ነው። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል ርኅሩኅና የተከበሩ እናቶች ስላሉ፣ ይህን ወሰን አምነው ከተቀበሉ ለአጋዥነት ከማንም ይልቅ የሚመቹ ሊሆኑ ይችላሉ።

ታዲያ ምን ትሠራለች? ከወላዷ አጠገብ ትቀመጣለች፤ አትለይም። ወገቧን በመዳፏ ጫን አድርጋ ታሻለች፤ በእርጥብ ጨርቅ ፊቷን ትጠርጋለች፤ ባለሙያው ካልከለከለ በቀር አጥሚትና ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ታስጐነጫታለች፤ ሽንቷን እንድትሸና ታስታውሳታለች፤ ምጡ በየመካከሉ ሲያርፍ አቁማ ታራምዳታለች፤ በጀርባዋ ተንጋልላ እንዳትቀር በጎኗ እንድትተኛ ትረዳታለች። አዋላጇ የተናገረችውን በሚገባት ቋንቋ ትደግምላታለች፤ ከገጠር የመጣች እናት ጉራጊኛ ብቻ የምትናገር ሆና ባለሙያው ከሌላ አገር የመጣ ሊሆን ይችላልና። ወላዷ ልትጠይቅ ያፈረችውን ትጠይቅላታለች። ስትጸልይ አብራት ትጸልያለች። ደም ከልክ በላይ ሲፈስ፣ ወላዷ ስትንቀጠቀጥ ወይም ስትዝል ካየች አዋላጇን ሮጣ ትጠራለች። በተጨናነቀ ክፍል ይህ የመጨረሻው ተግባር ብቻውን ነፍስ ያድናል።

ይህ ሁሉ ለዓይን ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተመዝኗል። እ.ኤ.አ. በ1980 ከጓቲማላ የወጣ ጥናት፣ የማያውቋት ሴት እንኳ አጠገባቸው ተቀምጣ ያበረታታቻቸው ወላዶች ምጥ በአማካይ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ሲቆይ፣ ብቻቸውን የነበሩት ግን ከ19 ሰዓት በላይ እንደ ቆየ አሳየ። ልዩነቱ እጅግ ትልቅ በመሆኑ በሌሎች አገሮች ተደጋግሞ ተፈተሸ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ፣ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶች በአንድነት ሲመዘኑ የምጡ ጊዜ ማጠር እንደ ጓቲማላው የበዛ ሆኖ አልተገኘም፤ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነበር። ነገር ግን ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙት እናቶች በራሳቸው ኃይል የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ያነሱ፣ ሲወለዱ የደከሙ ሕፃናትም ጥቂት መሆናቸው ተረጋገጠ። ምክንያቱም ከተፈጥሮ ጋር ይገናኛል፤ የሰው ልጅ ሲፈራ ሰውነቱ ለሽሽት የሚያዘጋጀውን አድሬናሊን ያመነጫል፤ ይህም ምጥን የሚገፋውን ኦክሲቶሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ያዳክማል። እናቶቻችን የፈራች ሴት ምጧ ይጠፋል የሚሉት ከዚህ የራቀ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እያንዳንዷ ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ የአገራችን ጤና ሚኒስቴር ስለ አክብሮትና ርኅራኄ የተሞላበት አገልግሎት የሚያስተምረውም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

ከአጣጥ የምንማረው

ለዚህ አገልግሎት ምሳሌ ፍለጋ ባሕር ማቋረጥ አያስፈልገንም። ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ፣ በጉብርየ በኩል አልፎ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል፣ በወሊዳቸው አደጋ ሊገጥማቸው ይችላል የተባሉ እናቶች የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በግቢው ውስጥ ሆነው የሚጠባበቁበትን ቤት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አዘጋጅቶ ኖሯል። ዛሬ በየጤና ጣቢያው «የእናቶች ማቆያ» ለሚባለው ቤት በአገራችን ከቀደምቶቹ አርአያዎች አንዱ ይኸው ነው። ሆስፒታሉ የካቶሊክ ደናግል የመሠረቱት ነው፤ መልካም ሥራን ከጎረቤት መማር ግን ነውር የለበትም።

በሆስፒታሉ ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በነበሩት 22 ዓመታት የተመዘገቡ 24 ሺህ 148 ወሊዶች ተጠንተው በ2010 ታትመዋል። ከእነዚህ 6 ሺህ 805ቱ በማቆያው ቤት የቆዩ እናቶች ሲሆኑ፣ 17 ሺህ 343ቱ በቀጥታ ከቤታቸው የመጡ ነበሩ። በማቆያው ከቆዩት መካከል የሞቱት እናቶች ከ100 ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 1 ሺህ 333 ነበሩ። ሞተው የተወለዱ ሕፃናትም በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ከ1 ሺህ 18 ያህል፣ በሁለተኛዎቹ ዘንድ 191 ሆነዋል። እርግጥ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ቤት ሲያምጡ ቆይተው ነገሩ ከከፋ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ናቸውና ልዩነቱን ሁሉ ቤቱ ብቻ አመጣው አንልም። ይልቁንም ቁጥሩ የሚነግረን አስቀድሞ የመድረስን ዋጋ ነው።

አስቀድሞ ለመድረስ ግን ሰው ያስፈልጋል። አንዲት እናት ሌሎች ልጆቿን፣ ከብቷንና እንሰቷን ትታ ሁለትና ሦስት ሳምንት በማቆያ ልትቀመጥ የምትችለው ቤቱን የሚጠብቅላት ስታገኝ ነው። በማቆያው ምግብ የሚያበስልላት፣ የሚያጫውታት ያስፈልጋታል። በዚህ አካባቢ ደግሞ የሌላው አገር ሰው የማይጋራው ችግር አለ፤ የብዙው ቤት አባወራ አዲስ አበባ ነው። መርካቶ ሱቅ የከፈተው ወይም በሌላ ሥራ የተሰማራው ባል የሚመጣው ለመስቀል ነው። ምጥ ግን የመስቀልን በዓል አይጠብቅም። በባሏ ፋንታ የሚወስነው ማን ነው? አምቡላንሱን የሚጠራው፣ ብሩን የሚያወጣው ማን ነው? ወደ ሕክምና በጊዜ ያልደረሱ እናቶች ታሪክ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ጥያቄ ላይ የባከነ ሌሊት ነው። የወላድ አጋዥ ሥራ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ መጀመር አለበት የምንለውም ስለዚህ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣ የት እንደምትወልድ፣ በምን እንደምትሄድ፣ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚሰጥ፣ ቤት ማን እንደሚውል አንድ በአንድ ታስወስናለች።

ከወሊድ በኋላ ያሉት ቀናት

ስለ አጋዥ ሲነገር ሰው ሁሉ የሚያስበው ምጡን ነው። እኛ ግን ቤተ ክርስቲያን ይበልጥ የምትፈለገው ከዚያ በኋላ ነው ብለን እናምናለን።

ሐኪሞች በወሊድ ምክንያት የሚመጣን ሞት የሚቆጥሩት ከወሊድ በኋላ እስከ 42ኛው ቀን ነው። በእኛ ሥርዓት ደግሞ እናቲቱ ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን እስኪፈጸም ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም። ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረባቸውን ልብ በሉ። እናቲቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን በማትመጣባቸው ቀናት፣ በሥጋም በነፍስም ይበልጥ በደከመችባቸው ቀናት፣ ቤተ ክርስቲያን ወደ እርሷ ካልሄደች ማን ይሄድላታል? ጤና ተቋማቱም ቢሆኑ እዚህ ላይ ይሳሳሉ። በ2016 ጥናት ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት በባለሙያ የታዩ እናቶች ከ100 17፣ በ2019 34 ብቻ ነበሩ።

አራስ ጥየቃችን ሞቅ ያለ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የማይገባ የለም፤ በጉራጌ ቤት የቡላው ገንፎና የተነጠረው ቅቤ አይጎድልም። የሚጎድለው የሚመለከት ዓይን ነው። ጠያቂው ሕፃኑን ያያል፤ ገንፎውን ይበላል፤ ይመርቃል፤ ይሄዳል። እናቲቱ ከነጠላዋ በታች ስንት ጨርቅ በደም እንደ ቀየረች የሚጠይቃት የለም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥ ማለት፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ በአንድ እግር ላይ የሚወጣ እብጠትና ሕመም፣ እነዚህ ሁሉ «ምች ነው»፣ «ብርድ ነው» ተብለው በቤት የሚያዙ ሳይሆኑ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ናቸው። ሕፃኑም ጡት አልይዝ ካለ፣ ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ እትብቱ መግል ከያዘ ቀጠሮ አይሰጠውም።

ስለ ጡት አንድ ነገር እናክል። እንገር የሚባለው የመጀመሪያው ቢጫ ወተት በብዙ ቤት ቆሻሻ ነው ተብሎ ይታለባል፤ ለሕፃኑም ቅቤ ወይም ስኳር ያለው ውኃ ይቀመሳል። እንገር ግን ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው ማለት ይቻላል። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ፣ እስከ 6 ወርም ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር ከእናቱ ወተት ሌላ ውኃም እንኳ አለመቅመስ ይገባዋል። (በጥምቀቱ ዕለት የሚቀበለው ቅዱስ ቁርባን ከምግብ ጋር የሚቆጠር አለመሆኑን ለካህናት ማስረዳት አያስፈልገንም፤ ይህን ጥያቄ ግን እናቶች ስለሚያነሡ መልሱን በእናንተ አፍ ቢሰሙት መልካም ነው።)

ከሥጋው ያላነሰው የነፍስ ድካም ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ቡታጅራ በዓለም የምትጠቀስ ከተማ መሆኗን ብዙዎቻችን አናውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው ሰፊ የጤና ጥናት ሲያካሂድ ቆይቷል። በ2005 እና በ2006 በተጀመረ አንድ ጥናት 1 ሺህ 65 ነፍሰ ጡር እናቶች ተመዝግበው ከወሊድም በኋላ ክትትል ተደርጎላቸዋል። በእርግዝናቸው ጊዜ ጭንቀትና ሐዘን ይበልጥ የተጫናቸው እናቶች ምጣቸው ከ24 ሰዓት በላይ የመርዘም፣ ለልጃቸው ጡት መስጠትም የመዘግየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚሁ አካባቢ እናቶች ጋር የተደረገ ውይይትም እንዳመለከተው፣ ድህነት ወይም የሰው እጦት የአራስነትን ወግ እንዳትፈጽም ያደረጋት ሴት፣ ሳታርፍ ወደ ሥራ የተመለሰች፣ ጠያቂና ገንፎ የጎደለባት፣ ጉዳዩን እንደ ቀላል አትወስደውም፤ ውስጧ ይጎዳል። አራስ ቤት የመጠየቅ ወጋችን እንግዲህ ማኅበራዊ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ መድኃኒትነት አለው። ወጉ የሚጎድልባት ደግሞ ሁልጊዜ ድሃዋ፣ ከሌላ አገር የመጣችው፣ በኪራይ ቤት የምትኖረው፣ ያለ ባል የወለደችው ናት።

የምታለቅስ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ልጇን ማየት የምትሸሽ፣ «ብሞት ይሻላል» የምትል አራስ ስንፍና ይዟት አይደለም። ራሷን ወይም ልጇን እንዳትጎዳ ሳትለይ የምትጠብቃት ሰው ተመድባላት በቶሎ ወደ ሕክምና ትወሰድ። በቡታጅራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። ጸበሉና ሕክምናው የሚጣሉ አይደሉም፤ ይህን ከካህን አፍ ካልሰማ በቀር የማያምን ቤተሰብ ስላለ ካህኑ ሊናገረው ይገባል።

የካህኑና የሰበካው ድርሻ

የንስሐ አባት ወደ አራስ ቤት ጸበል ሊረጭ ይገባል። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያልገባችበት ቤት እርሱ ይገባል፤ በሩም ይከፈትለታል። ከጸሎቱ በኋላ «ደሙ እንዴት ነው? ያተኩስሻል? ሕፃኑ ይጠባል? ማን ነው የሚያግዝሽ?» ብሎ ቢጠይቅ አምስት ደቂቃ አይወስድበትም። ዝርዝሩን ለእርሱ መናገር የምታፍር ከሆነ አጋዧን ይልክላታል። ሕፃን ታሞ ለሞት አስግቶ ከ40ው ወይም ከ80ው ቀን በፊት እንዲያጠምቅ ሲጠራም፣ ከጥምቀቱ ጋር ሕፃኑ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም እንዲወሰድ ያስገድድ። ሁለቱን የሚያነጻጽር ቤተሰብ አይተናል፤ ጥምቀቱ ተፈጸመ ብሎ ሕክምናውን ይተዋል።

ጾምም አለ። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይታ ስትዝል የምትታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለደካማ ርኅራኄ እንዳላት እናውቃለን፤ እናቲቱ ግን በራሷ ፈቃድ አትተወውም፤ የንስሐ አባቷ አስቀድሞ ጠርቶ ካልነገራት ጠይቃም አትመጣ ይሆናል። ይህ ቃል ከአባት ወደ ልጅ መሄድ ያለበት ነው።

ሰበካ ጉባኤው ሊያደርገው የሚችለው ከዚህ ይሰፋል፤ ሆኖም በትንሹ መጀመር ይሻላል። ከጽዋ ማኅበራትና ከእናቶች መካከል አራት ወይም አምስት ሴቶች ይመረጡ። ራሳቸው የወለዱ፣ የቤት ምሥጢር የማያወጡ፣ የማይቸኩሉ ይሁኑ። ፊደል መቁጠራቸው መልካም ነው፤ የግድ ግን አይደለም። ምሥጢር መጠበቅን ከሁሉ አስቀድመናል፤ ምክንያቱም አጋዧ የኤች አይ ቪ ውጤት ልትሰማ፣ የተደበቀ እርግዝና ልታውቅ ትችላለች፤ አንዲት ቃል ከአፏ ካመለጠች በዚያ አጥቢያ ዳግመኛ የሚጠራት አይኖርም። ሥልጠናውን ጤና ጣቢያው ከራሱ አዋላጆች ይስጥ፤ የአደጋ ምልክቶችን፣ የእጅ ንጽሕናን፣ የጡት አያያዝን፣ የወሰኗንም ልክ። ከዚያም የሰበካው ሊቀ መንበርና አለቃው ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ተነጋግረው አጋዧ ወደ ማዋለጃው ክፍል የምትገባበትን ስምምነት በጽሑፍ ያድርጉ። በቃል የተፈቀደው ተረኛ ሲለወጥ ይረሳልና።

ኃላፊው «ክፍሉ አንድ ነው፤ አልጋዎቹ ተጠጋግተዋል፤ የሌላዋ ገመና ይታያል» ይል ይሆናል። እውነቱን ነው። መልሱም በእጃችን ነው፤ መጋረጃ። ጥቂት ሜትር ጨርቅና አንድ ልብስ ሰፊ ይበቃሉ። ባሎች ስለዚሁ ገመና ሊገቡ በማይችሉበት ክፍል ሴት አጋዥ መግባቷን የሚቃወም አይበዛም። ማቆያ ቤት ባለበትም ሰበካው ጤፍ፣ ምስር፣ ማገዶ፣ ብርድ ልብስ ማቅረብ ይችላል። መንገዱን በራሱ መዋጮ የሠራ የጉራጌ ሕዝብ የገንፎ እህል ማዋጣት አያቅተውም።

ስለ ገንዘብም ሳንሸፋፍን እንናገር። «በነጻ ያገልግሉ፤ ዋጋቸው በሰማይ ነው» ማለት ለሚናገረው ቀላል ነው። አጋዧ ሌሊቱን አድራ በማግስቱ ገበያ ሳትወጣ ትቀራለች፤ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ከሆነች የቀኑ ገቢዋ ቀረ። ደመወዝ ክፈሉ አንልም፤ የባጃጅ፣ የስልክ ካርድና የምግብ ወጪዋን ግን ሰበካው ወይም ዕድሩ ካልሸፈነ አገልግሎቱ ከጥቂት ወራት እንደማያልፍ እናምናለን።

በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ የሚኖረው ጎረቤት ሙስሊም ሊሆን ይችላል፤ ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንትም እንዲሁ። ጥንት ምጥ ሲመጣ ማን መጣ ተብሎ ሃይማኖት አይጠየቅም ነበር፤ አሁንም አይጠየቅ። አጋዧ የተጠራችበት ሁሉ ትሂድ፤ ወላዷ በራሷ እምነት ስትጸልይ ዝም ብላ እጇን ትያዝ። ለጤና ጣቢያው የሚጻፈው ደብዳቤም ይህን በግልጽ ቢያሰፍር ብዙ ጥርጣሬ ያስወግዳል።

ይህን ለመጀመር አመቺው ጊዜ የመስቀል ሰሞን ይመስለናል። ባሎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ካህኑም በየቤቱ ይጠራል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት ለአምቡላንስና ለመድኃኒት የሚሆን ጥቂት ብር ለቤቱ ይተው፤ እርሱ በሌለበት የሚወስነው ማን እንደሆነ በሽማግሌ ፊት ይናገር፤ የስልክ ቁጥሩንም ለአጋዧ ይስጥ፤ የእርሷንም ይያዝ።